ግብሩን የሚሰበስበው ማን ነው? የአላስካ ኢኑፒያት እና የጋና መንደሮች

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1969 አንኮሬጅ ከተማ ውስጥ ጨረታ ተከፈተ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የአላስካ መንግሥት በሰሜኑ ጫፍ፣ ፕሩዶ ቤይ አካባቢ ነዳጅ የተገኘበትን መሬት ለኩባንያዎች የሚያከራይበት ጨረታ ነበር። በዚያ አንድ ቀን ብቻ 900 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። ውጭ ደግሞ ጥቂት ሰዎች መፈክር ይዘው ቆመዋል። ኢኑፒያት ናቸው። በዚያ በረዷማ ምድር ላይ ዓሣ ነባሪና ካሪቡ የሚባል አጋዘን እያደኑ ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ሕዝቦች። የሚከራየው መሬት የእኛ ነው፣ የጠየቀን የለም ነው የሚሉት።

ከዚያ 72 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1897፣ ዛሬ ጋና በምንለው አገር ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር። የአሳንቴው ንጉሥ ቀዳማዊ ፕሬምፔ በእንግሊዞች ተይዘው ከተጋዙ ገና አንድ ዓመታቸው ነው። አሻንቲ ጎልድፊልድስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ኦቡዋሲ ላይ 100 ስኩዌር ማይል መሬት ይዞ ወርቅ ማውጣት ጀመረ። እዚያም የአገሬውን ሰው የጠየቀው የለም።

ሁለቱ ቦታዎች ሲታዩ የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም። አንደኛው ጋ ፀሐይ ኖቬምበር ላይ ትጠልቅና የምትወጣው ጃንዋሪ ላይ ነው። ሌላኛው ጋ ካካዎ ይበቅላል። ግን ሁለቱም ሕዝቦች ከእግራቸው ሥር ዓለም የሚፈልገው ሀብት ወጣባቸው። ከዚያ ወዲህ የሄዱበት መንገድ በጣም ይለያያል። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ማየት እፈልጋለሁ።

ቁጥሮችን ስናይ መጠንቀቅ አለብን። ጋና ራሷን የቻለች አገር ናት፤ በ2021 በተደረገው ቆጠራ 30.8 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። ኢኑፒያት በሀብታሟ አሜሪካ ውስጥ ያሉ አናሳ ሕዝቦች ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ አላስካ ነው። ኖርዝ ስሎፕ ቦሮ የሚባለው የሰሜኑ አስተዳደር በ2020 የነበረው ሕዝብ፣ የነዳጅ ካምፕ ሠራተኞችን ጨምሮ፣ 11,000 ገደማ ነው። የቆዳ ስፋቱ ግን ከጋና ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ጋናን የሚያህል መሬት ላይ፣ አንድ ትንሽ የወረዳ ከተማ የሚሞሉ ሰዎች ማለት ነው።

ስለዚህ አገር ከብሔረሰብ ጋር፣ ዶላር ከዶላር ጋር ደርድሮ ማወዳደር ብዙም አያስተምርም። የነፍስ ወከፍ ገቢ የሚባለው ነገርም ያሳስታል። ኖርዝ ስሎፕ ላይ የሚመዘገበው ምርት ውስጥ በቧንቧ ወደ ደቡብ የሚሄደው ነዳጅ አለበት። የጋና አማካይ ደግሞ አክራን ከሰሜኑ ገጠር ጋር ይቀላቅላል። በ2016/17 የተደረገው የኑሮ ደረጃ ጥናት በአገር ደረጃ 23.4 በመቶው ሕዝብ ድሃ ነው ይላል። ክልል በክልል ሲታይ ግን ታላቋ አክራ 2.5 በመቶ፣ አፐር ዌስት 70.9 በመቶ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሃል ሌላ አገር አለ። የሚሻለው መንደርን ከመንደር ጋር ማየት ነው። በነዳጅ ሥራው አጠገብ ያለችውን የአላስካዋን ኑይክሱትን ከጋናዋ የወርቅ ከተማ ከታርክዋ ጋር፣ ባሕር የሚበላትን የአላስካዋን ኪቫሊናን ከጋናዋ ኬታ ጋር።

ወደ ኢኑፒያት እንመለስ። ጨረታው ከተካሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 1971፣ የአሜሪካ ኮንግረስ የአላስካ ተወላጆችን የመሬት ጥያቄ በሕግ ዘጋው። ተወላጆቹ 44 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም ወደ 18 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬትና 962.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲያገኙ ተወሰነ። በምላሹ በቀረው የአላስካ መሬት ላይ የነበራቸው ጥያቄ ተሰረዘ። መሬቱን የያዙት ባህላዊ ጉባኤዎች አይደሉም። አዲስ የተቋቋሙ አክሲዮን ማኅበራት ናቸው። እያንዳንዱ ተወላጅ ባለአክሲዮን ሆነ።

ሕጉን ተወላጆቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተውበታል። ውጤቱ 511 ለ56 ነበር። የተቃወሙት የሰሜኑ ኢኑፒያት ናቸው። ክፍፍሉ በሕዝብ ቁጥር መሆኑ አልተዋጠላቸውም። ነዳጁ የወጣው ከእነሱ ሰፊ መሬት ነው፤ ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው። ተሸነፉ።

እዚህ ላይ ኢበን ሆፕሰን የሚባሉ ሰው ይመጣሉ። የባሮው ልጅ ናቸው፤ ከተማዋ ዛሬ ኡትኪያግቪክ በሚለው በጥንት ስሟ ትጠራለች። ሆፕሰን የገባቸው ነገር ሌላ ነው። የመሬቱን ባለቤትነት ብናጣ እንኳ መሬቱ ላይ ለተተከለው ነገር ግብር ማስከፈል እንችላለን አሉ። በአላስካ ሕግ የአካባቢ አስተዳደር በክልሉ ውስጥ ባለ ንብረት ላይ ግብር መጣል ይችላል። የነዳጅ ኩባንያው ማሽን፣ ቧንቧ፣ ጣቢያ፣ ሁሉም ንብረት ነው። ስለዚህ በ1972 ኖርዝ ስሎፕ ቦሮን አቋቋሙ። ሆፕሰን የመጀመሪያው ከንቲባ ሆኑ።

ኩባንያዎቹ ዝም አላሉም። ለጥቂት ሺህ ሰዎች ይህን የሚያህል መሬት የሚያስተዳድር አካል አያስፈልግም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1974 የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለኢኑፒያት ፈረደ። ከዚያ ወዲህ የአስተዳደሩ ገቢ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከነዳጅ ንብረት ግብር ነው።

ያ ገንዘብ ምን ሠራ? ከዚያ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የፈለገ የኢኑፒያት ልጅ ከቤቱ እጅግ ርቆ፣ አንዳንዱም እስከ ኦሪገን ድረስ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ይላክ ነበር። ቋንቋውን ከተናገረ ይቀጣል። ግብሩ መግባት ሲጀምር በየመንደሩ ትምህርት ቤት ተሠራ። ክሊኒክ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ በረዶ ውስጥ የማይቀዘቅዝ የውሃና የፍሳሽ መስመር ተዘረጋ። ኡትኪያግቪክ ላይ ኢሊሳግቪክ የሚባል ኮሌጅ አለ፤ በአላስካ በተወላጆች የሚተዳደር ብቸኛው ኮሌጅ ነው። ሁሉም ነገር ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም። በ1980ዎቹ የግንባታ ገንዘብ እንደ ውሃ ሲፈስ ሌብነትም አብሮ ፈሰሰ። የከንቲባው አማካሪዎች የነበሩ ሁለት ሰዎች በሙስና ተፈርዶባቸዋል። ቢሆንም ትምህርት ቤቶቹ ዛሬም አሉ።

አሁን ወደ ጋና እንሂድ።

የጋና የ1992 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 257 ከመሬት ሥር ያለ ማዕድን ሁሉ የሪፐብሊኩ ንብረት ነው ይላል። ፕሬዚዳንቱ በሕዝቡ ስም በአደራ ይይዙታል። አስተሳሰቡ መጥፎ አይደለም። ከቅኝ ግዛት የወጣ አገር ሀብቱ ለሁሉም እንዲደርስ መፈለጉ ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ አንባቢም ነገሩን ያውቀዋል፤ የእኛም ሕገ መንግሥት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን ከመንግሥትና ከሕዝብ እጅ አያወጣም። የሚከብደው «በሕዝቡ ስም» የሚለው ቃል ከአክራ ተነሥቶ ታርክዋ እስኪደርስ ያለው መንገድ ነው።

የጋና መሬት አብዛኛው በባህላዊ ሥርዓት የሚያዝ ነው። በደቡቡ የአካን ምድር የአለቃው ሥልጣን ምልክት በርጩማ ነው። መሬቱም የበርጩማው ይባላል፤ አለቃው የሚጠብቀው ለሞቱት፣ ላሉትና ገና ለሚወለዱት ነው ተብሎ ይታመናል። ከዚህ መሬት የሚገኘው ገቢ አከፋፈል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፏል። አሥር በመቶው ለሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ይነሣል። ከቀረው ላይ 25 በመቶው ለበርጩማው፣ 20 በመቶው ለባህላዊው ጉባኤ፣ 55 በመቶው ለወረዳው ምክር ቤት ይሄዳል። አለቃው የወሰደውን ለሕዝቡ ምን እንዳደረገበት የሚጠይቅ አካል ግን ደካማ ነው። ገበሬው መሬቱ ተቆፍሮበት ሳለ ገንዘቡ በላዩ ላይ ሲያልፍ ብቻ ያያል።

ኩባንያው ሮያሊቲ፣ ማለትም ላወጣው ማዕድን የሚሰጠውን ድርሻ፣ የሚከፍለው ለማዕከላዊው መንግሥት ነው። ከዚያ ላይ በ2016 በወጣው ሕግ 20 በመቶው ወደ ማዕድን ልማት ፈንድ እንዲገባ ተወስኗል። በወረቀት ላይ ይህ ነው። ከኖርዝ ስሎፕ ጋር ያለው ልዩነት ፍንትው ብሎ የሚታየው እዚህ ነው። የኡትኪያግቪክ ሰው በኩባንያው ንብረት ላይ ግብሩን ራሱ ይጥላል፣ ራሱ ይሰበስባል። የኦቡዋሲ ሰው ከአክራ እስኪላክለት ይጠብቃል።

ነዳጅ ሲገኝ ነገሩ እንደገና ታየ። ጁቢሊ የተባለው የባሕር ላይ ነዳጅ በ2007 ተገኘ፤ ዲሴምበር 2010 ማምረት ተጀመረ። የዌስተርን ክልል አለቆች ከገቢው 10 በመቶ ለክልላችን ይመደብ ብለው ጠየቁ። ወርቁም፣ ካካዎውም፣ ጣውላውም ከእኛ ሄዶ መንገዳችን ጭቃ ነው የሚል ክርክር ነበራቸው። ፓርላማው አልተቀበላቸውም። በ2011 የወጣው የነዳጅ ገቢ ሕግ ግን ብዙ አገሮች የሚቀኑበት ነው። ከገቢው ለበጀት የሚሄደው ተገድቧል፤ የቀረው ለዋጋ መዋዠቅ መጠባበቂያና ለመጪው ትውልድ ቅርስ ፈንድ ይገባል። የሚከታተል ገለልተኛ የዜጎች ኮሚቴም አለው። የክልሉ ድርሻ ነው ያልተጻፈው።

እዚህ ላይ የሬድ ዶግን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ኮትዜቡ አካባቢ ያለ የዚንክ ማዕድን ነው፤ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ። መሬቱ ናና የተባለው የኢኑፒያት አክሲዮን ማኅበር ንብረት ነው። ስለዚህ ኩባንያው መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው ማስማማት ነበረበት። በ1982 ተፈራረሙ፤ ሥራው በ1989 ተጀመረ። ስምምነቱ ላይ የናና ድርሻ ከተጣራ ገቢው 25 በመቶ ከደረሰ በኋላ በየአምስት ዓመቱ በ5 በመቶ እያደገ እስከ 50 ይሄዳል። የጋና መንግሥት ሕጉ የሚሰጠው ነጻ ድርሻ 10 በመቶ ነው። በዚያ ላይ ናና ካገኘው የማዕድን ገቢ 70 በመቶውን ከሌሎቹ የአላስካ ተወላጅ ማኅበራት ጋር መካፈል አለበት፤ የ1971ዱ ሕግ ያስገድዳል። ማዕድን የሌለው ዘመድም እንዲደርሰው ማለት ነው። ከሕጉ ሁሉ የምወድደው ይህን አንቀጽ ነው።

ካካዎን ብንወስድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ቴቴ ኳርሺ የተባሉ አንጥረኛ በ1879 ከፈርናንዶ ፖ ደሴት ፍሬውን አምጥተው ማምፖንግ ላይ ተከሉ ይባላል። ጋና ዛሬ ከኮትዲቯር ቀጥላ ከዓለም ዋና አምራቾች አንዷ ናት። የሚያመርተው ሁለትና ሦስት ሄክታር ያለው ቤተሰብ ነው። ዛፉን የሚተክለውም የሚንከባከበውም እሱ ነው። ዋጋው ግን የእሱ አይደለም። ኮኮቦድ የሚባለው የመንግሥት ቦርድ በየወቅቱ መጀመሪያ ላይ ዋጋ ይተምናል፤ ምርቱንም አስቀድሞ ለውጭ ገዢ ይሸጣል። ይህ አሠራር ዋጋ ሲወድቅ ገበሬውን ያድነዋል። ዋጋ ሲሰቀል ግን ያስረዋል።

በ2024 የሆነው ይሄው ነው። የዓለም ዋጋ በቶን ከ10,000 ዶላር በላይ ወጣ፤ ዲሴምበር ላይ 12,000ን አለፈ። ቦርዱ ቀድሞ በርካሽ ሸጦ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ለገበሬው የተወሰነው ዋጋ 48,000 ሲዲ በቶን ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 3,000 ዶላር ገደማ። ገበሬው ሬዲዮ ይሰማል፣ ስልክ አለው። ዋጋውን ያውቃል። ብዙ ካካዎ በድንበር እየሾለከ ወደ ጎረቤት አገሮች ሄደ። አንዳንዱ ደግሞ ዛፉን ቆርጦ መሬቱን ለወርቅ ቆፋሪ ሰጠ። በቫይረስ የሚደርቀው ዛፍ፣ የአየሩ መለዋወጥና ይህ ተደማምረው የ2023/24 ምርት በሃያ ዓመት ውስጥ ያልታየ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ወረደ።

የወርቅ ቁፈራው ጋላምሴ ይባላል። ቆፋሪዎቹ ፈቃድ የላቸውም፤ ከእነሱ ጀርባ ግን ኤክስካቫተር የሚያከራይ ባለገንዘብ አለ። ሥራ ያጣ ወጣት በሳምንት የሚያገኘው ገንዘብ ካካዎ በዓመት ከሚሰጠው ሊበልጥ ይችላል። ማንም ሊፈርድበት የሚከብድ ምርጫ ነው። የሚከፍለው ወንዙ ነው። ፕራ፣ አንኮብራ፣ ኦፊን የሚባሉት ወንዞች እንደ ሻይ በወተት ሆነዋል። በ2024 ለኬፕ ኮስት ውሃ የሚያጣራው ጣቢያ 2,000 የድፍርስነት መለኪያ እንዲችል ተሠርቶ 14,000 የደረሰ ውሃ መጣበት። ከተማዋ የምታገኘው ውሃ በሦስት አራተኛ ተቀነሰ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የምንለው ለምሳሌ ነው፤ እዚያ ግን ተረቱ ቃል በቃል ደረሰ።

እስካሁን ያልኩት ኢኑፒያት ያለፈላቸው አስመስሎ ከሆነ ልክ አይደለም።

ኡትኪያግቪክ ከሌላው አላስካ ጋር የሚያገናኝ መኪና መንገድ የላትም። የሚመጣው ሁሉ በአውሮፕላን፣ ወይም በበጋ በመርከብ ነው። አንድ ጋሎን ወተት በደቡብ ከሚሸጥበት እጥፍና ከዚያ በላይ ያወጣል። ስለዚህ በዶላር ሲቆጠር ጥሩ የሚመስለው ደመወዝ ሱቅ ሲገባ ያልቃል። አላስካ ከ1982 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ ከነዳጅ ፈንዱ ዓመታዊ ድርሻ ትከፍላለች። በ2022 ለአንድ ሰው 3,284 ዶላር ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ 1,312 ወረደ። ለአክራ ሰው ብዙ ነው። ለኑይክሱት ቤተሰብ የበረዶ ላይ ሞተርና ቤንዚን ነው።

ከዚያ የባሰው ደግሞ አለ። ነዳጅም ዚንክም የሌላቸው የኢኑፒያት መንደሮች። ዌልስ፣ ዳዮሚድ፣ ሺሽማሬፍ። ያው ቋንቋ፣ ያው ሕዝብ፣ ያው ብርድ ነው። በሀብታሟ አገር ውስጥ ሆነው ግን አብዛኛው ቤት የቧንቧ ውሃ አልገባለትም፤ መጸዳጃው ባልዲ ነው። አንድ ሰው ባልዲውን ተሸክሞ ወጥቶ ይደፋል። በኖርዝ ስሎፕና በእነዚህ መንደሮች መሃል የባህል ልዩነት የለም፤ የሚለያቸው የሚቀረጥ ቧንቧ መኖርና አለመኖሩ ነው። የጋና ሰሜንና ደቡብም ተመሳሳይ ነገር ይነግሩናል። ከአፐር ዌስትና ከሰሜን ክልሎች የሚመጡ ልጃገረዶች አክራ ገበያ ውስጥ በጭንቅላታቸው ዕቃ ተሸክመው ያድራሉ። ካያዬ ይሏቸዋል። ወርቁም፣ ካካዎውም፣ ወደቡም ያለው ደቡብ ነው።

ገንዘብ ያልደረሰበት ሌላ ቁስል አለ። በአላስካ ተወላጅ ወጣቶች ዘንድ ራስን የማጥፋት ቁጥር ከአሜሪካ አማካይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቤተሰብ የማያዝንበት ሞት የለም፤ ይህ ግን መንደር በሙሉ የሚያውቀውን ልጅ ነው የሚወስደው። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ዘመን ልጆችን ከወላጅ ነጥሎ ነበር። ቋንቋው ዛሬ በአብዛኛው በሽማግሌዎች አፍ ላይ ነው ያለው። ጋና በዚህ በኩል በጣም ትበልጣለች። ትዊ፣ ጋ፣ ኤዌ፣ ዳግባኒ በገበያ፣ በሬዲዮ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚሰሙ ሕያው ቋንቋዎች ናቸው። ሱሱ የሚባል ቁጠባ አላቸው፤ ሰብሳቢው በየቀኑ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ጥቂት ሲዲ የሚይዝበት፣ የዕቁብ ዘመድ ነው። ከ2003 ሕግ ወዲህ የጤና መድን አላቸው፤ ከ2017 ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ ነው። አገሪቱ ዲሴምበር 2022 ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ስትቆም፣ የዋጋ ንረቱም 54 በመቶ ሲደርስ፣ ቤተሰብን ያቆመው ይህ መረዳዳት ነው። በዓመቱ ኢትዮጵያም በዚያው በር ገብታለች፤ ሁለቱም ከአበዳሪዎች ጋር የተደራደሩት በአንድ የቡድን 20 ማዕቀፍ ሥር ነው።

የኢኑፒያት መረዳዳት ደግሞ በዓሣ ነባሪው ዙሪያ ነው። ሥጋው አይሸጥም፣ ይከፋፈላል። ጁን ላይ ናሉካታክ የሚባለው በዓል ሲደርስ የጀልባው ካፒቴንና ሚስቱ ለመንደሩ በሙሉ ማክታክ ያከፋፍላሉ፤ ቆዳውን ከነስቡ ማለት ነው። መሬት ውስጥ የተቆፈረውን የበረዶ ጎተራ የምታዘጋጀውና የምታጸዳው የካፒቴኑ ሚስት ናት። ጋና የባሕር ዳርቻ ላይም ዓሣው ሲገባ ዋጋውን የምትቆርጠው ኮንኮሄማ የምትባል የገበያ ንግሥት ናት። ወንዱ ባሕር ይወጣል፤ ምግቡ ማን ቤት እንደሚደርስ የምትወስነው ሴቷ ናት።

በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የኢኑፒያትን አደን ከለከለ። ሳይንቲስቶቹ የቀሩት ዓሣ ነባሪዎች ጥቂት ናቸው አሉ። አዳኞቹ አይደለም አሉ፤ በበረዶ ሥር፣ ከዓይናችሁ ርቀው የሚያልፉትን አልቆጠራችሁም። በዚያው ዓመት የራሳቸውን የአደን ኮሚሽን አቋቋሙ። የነዳጅ ግብር የሚሰበስበው አስተዳደር ደግሞ ሳይንቲስት ቀጠረ፤ በውሃ ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ ገዛ። ቆጠራው ሽማግሌዎቹ ያሉትን አረጋገጠ። በ2011 ቁጥሩ ወደ 17,000 ተጠግቷል። አደኑ በኮታ ተፈቀደ፤ ዛሬም 11 መንደሮች ያድናሉ። የራስ ገቢ ያለው ሕዝብ የራሱን እውነት የሚያስመሰክር ባለሙያ መቅጠር ይችላል። ግብር የሚያመጣው ጉልበት ከመንገድና ከትምህርት ቤት ያለፈ መሆኑን ይህ ያሳያል።

የጋና ዓሣ አጥማጅ ይህ አቅም የለውም። በማክሰኞ ባሕር የማይወጡት የጋ እና የፋንቴ ሕዝብ አጥማጆች ባሕሩ እየተራቆተ መሆኑን ለዓመታት ሲናገሩ ነበር። ትልልቆቹ ጎታች መርከቦች በጋና ባንዲራ ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ከጀርባ የቻይና ገንዘብ አለባቸው። የጀልባ አጥማጁን ዓሣ በገፍ አፍሰው፣ መልሰው ባሕር ላይ ለነጋዴ ይሸጡለታል፤ ሳይኮ ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 ቢጫ ካርድ ካሳየ በኋላ ነው መንግሥት የተንቀሳቀሰው። በ2025 የወጣው ሕግ ለጀልባዎች የተከለለውን ባሕር ከ6 ወደ 12 ኖቲካል ማይል አሰፋ። የአጥማጆቹ ጩኸት ቢሰማም ብዙ ዘግይቶ ነው።

ኢኑፒያት ራሳቸው በነዳጁ ላይ አንድ ቃል የላቸውም። በማርች 2023 የባይደን መንግሥት ዊሎው የተባለውን አዲስ የነዳጅ ፕሮጀክት ሲፈቅድ ክልላዊው የኢኑፒያት አክሲዮን ማኅበርና ኖርዝ ስሎፕ ቦሮ ደግፈው ነበር። ለፕሮጀክቱ ቅርብ የሆነችው የኑይክሱት ከንቲባ ግን ተቃወሙ። ካሪቡው ይርቃል፣ አየሩ ይበላሻል አሉ። ሁለቱንም ወገን መረዳት ይቻላል። በ1988 በቀን 2 ሚሊዮን በርሜል ያስተላልፍ የነበረው ቧንቧ በ2024 ያስተላለፈው ከ500,000 በታች ነው። ቧንቧው ከደረቀ ትምህርት ቤቱን የሚያሞቀው ማን ነው? ካሪቡው ከሄደ ደግሞ ገበታው ላይ የሚቀርበው ምንድን ነው?

የዚያው ነዳጅ ጭስ ዞሮ የሚመጣው በባሕር በኩል ነው። ድሮ መከር ላይ ባሕሩ ቀድሞ ይጋገርና የዳርቻውን መሬት ከማዕበል ይጠብቀው ነበር። አሁን በረዶው ይዘገያል፤ ማዕበሉ ራቁቱን ያገኘዋል። ከሥር ያለው፣ ድሮ የማይቀልጠው መሬትም እየቀለጠ ነው። የቅድም የበረዶ ጎተራዎች አንዳንዶቹ ውሃ ገብቶባቸዋል። ኪቫሊና የምትባለው መንደር በ2008 ኤክሶንሞቢልንና ሌሎች ትልልቅ የነዳጅና የኃይል ኩባንያዎችን ከሰሰች፤ መንደራችንን ለማዛወር የሚያስፈልገውን ክፈሉ አለች። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ጣለው። ይግባኙም አልሠራም፤ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አላየውም ብሎ ዘጋው። በክልላቸው ለተተከለ ቧንቧ ግብር ማስከፈል የቻሉ ሕዝቦች፣ ከሰማይ ለሚመጣው ሙቀት የሚያስከፍሉት አጡ።

ኬታም እንዲሁ ናት። በጋና ምሥራቅ ዳርቻ፣ በባሕርና በሐይቅ መሃል ያለች ጠባብ የአሸዋ መሬት። የአሮጌዋ ከተማ ብዙ ክፍል ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በባሕር ተበልቷል። መንግሥት የድንጋይ መከላከያ ሠራ፤ ያ ያለበት ቦታ ቆመ፣ የሌለበት ቀጠለ። በኖቬምበር 2021 ማዕበል ኬታ፣ አንሎጋና ኬቱ ሳውዝ ላይ ሌሊት ገብቶ ሺዎችን ከቤት አስወጣ። ፉቬሜ የተባለች የአጥማጆች መንደር የቀረው ቤቷ ጥቂት ነው። ሰዉ ወደ ኋላ እየሸሸ እንደገና ይሠራል፤ ከኋላ ግን ሐይቁ ነው።

ሺሽማሬፍ በኦገስት 2016 ድምፅ ሰጠች። መንደሩ ከደሴቱ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚል ነበር። 89 ሰዎች ይውጣ አሉ፤ 78ቱ ይቆይ አሉ። አዲስ መንደር ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከሕዝቡ አቅም በላይ ስለሆነ አልወጡም። ልጆቹ ዛሬም የሚማሩት እዚያው ደሴት ላይ፣ ባሕሩ በየዓመቱ እየቀረበው ባለ ትምህርት ቤት ነው።